ሊማሊሞ የተባለው እባብ ምን ይብላ?

ዳባትና ደባርቅ ያስተማርኳችሁ፣ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆናችሁ "ቲቸር አሁንም አሉ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ። አለሁ። ጡረታ ላይ ነኝ፤ የደባርቅ ብርድም እንደምታውቁት ነው፣ አልተለወጠም።

ዛሬ የምጽፈው ስለ እባብ ቀለብ ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ቀጥሉ።

ጥያቄውን ያመጣው ዳባት ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። እናቱ ዳባት ናቸው፣ ይህን ጉድ ገና አልሰሙም፤ ፌስቡክ የምታነብላቸው ጎረቤት ካለች አደራ፣ ይህችን ዝለያት። እሱ ግን ጻፉት ብሎ ፈቅዶልኛል። አሁን የሚኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ሚስት አለችው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ አለው፣ ልጁ ደግሞ እባብ አለው።

እባቡ መርዘኛ አይደለም፣ ለሰው የሚያሰጋም አይደለም። ጋርተር የሚባል፣ ጣት የሚያህል፣ በጀርባው ላይ እንደ ጥለት ቢጫ መስመር የወረደበት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በየጓሮው አለ ይባላል። እንቁራሪት፣ የምድር ትልና ትናንሽ አሳ ይበላል። ልጁ ስም ሲያወጣለት "ሊማሊሞ" አለው። ለምን? አባቱ ስለ አገሩ ሲያወራለት ከደባርቅ ቁልቁል ወደ አዲአርቃይ የሚወርደውን፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ገደሉን ፈልፍሎ የሠራውን ጠመዝማዛ መንገድ ነግሮት ነበር። ልጁ እባቡ ሲጠማዘዝ አየና በቃ፣ ሊማሊሞ። እኔ ይህን ስሰማ ጥያቄውን ከመስማቴ በፊት ተሸንፌያለሁ።

በቴሌግራም የላከልኝ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ "ቲቸር እንደምን ሰነበቱ። ስለማስቸግርዎ ይቅርታ። የልጁ እባብ አንገቱ ጠሟል። ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ አፉን ወደ ምግቡ ሲሰድ ይስታል። ትናንት በጀርባው ተገለበጠና መመለስ አቃተው። ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አጠገቡ ተቀምጧል። እኔ እንደሚያውቁኝ እባብ ሳይ እጄ ድንጋይ ነው የሚፈልገው። ባለቤቴም 'ይሙትና እንገላገል' ትላለች። ግን ልጁ… ምን ላድርግ?"

ሰውየው ላይ አትፍረዱበት። የዳባት ልጅ ነው፤ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው እኛው አገር ነው። የጥንቱ የአገራችን ተረት ራሱ የሚጀምረው ሰው እየገበረለት ከሚኖረው ከዘንዶው ከአርዌ ነው፤ ጀግናው የሚነግሠውም ዘንዶውን ገድሎ ነው። እንዲህ ያደገ ሰው አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቡና ረከቦቱ አጠገብ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ እባብ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ግን ደግሞ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ልጁ አማርኛ እየሸሸው ነበር። ከአያቱ ጋር በስልክ ሲገናኝ ከ"ደህና ነኝ" አያልፍም። እባቡ ከመጣ ወዲህ ግን አባቱን ይጠይቃል፦ ዳባት እባብ ነበር? ምን ይበላ ነበር? በአማርኛ ምን ይባላል? አባትና ልጅ የሚያወሩት ነገር ያገኙት በዚህ እባብ ነው። ስለዚህ "ይሙትና እንገላገል" ቀላል አልሆነለትም።

መልሼ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ምን ይበላል?"

"አሳ።"

"ምን ዓይነት አሳ?"

"አሳ ነዋ ቲቸር። አሳ አሳ ነው እንግዲህ።"

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። አሳ ሁሉ አሳ አይደለም።

ልጁ ለአምስት ወር ያህል ሲመግበው የነበረው ሁለት ዓይነት አሳ ብቻ ነው። አንደኛው ጎልድፊሽ፣ ያ በየሆቴሉ መስታወት ውስጥ የምታዩት ብርቱካናማው። ሁለተኛው ሮዚ ሬድ የሚሉት፣ ፋትሄድ ሚኖ የሚባለው አሳ ትንሽ ቀላ ያለ ዓይነት። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም በሕይወት ይሸጣሉ፣ የሸጠላቸው ሰውም "ለእባብ የሚሆን ነው" ብሏቸዋል። ትኩስ ነው፣ ይዋኛል፣ ምን ይጎድለዋል? እባቡ ደግሞ በደስታ ይበላው ነበር። አልጠገበም ብሎ የሚጠረጥር ማንም የለም።

ቤሪቤሪ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። ጃቫ ደሴት ላይ ክርስቲያን አይክማን የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም የተፈተገ ሩዝ ብቻ የበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲሽመደመድ አየ፤ በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ከሩዙ ገለባ ጋር የተወገደው ነገር በኋላ ታያሚን፣ ቫይታሚን ቢ1 ተባለ። ሰውነት ከምግብ ጉልበት የሚያወጣበት ሥራ ያለ ታያሚን አይሄድም። ሲጎድል ቀድመው የሚጎዱት አንጎልና ነርቭ ናቸው፤ ጉልበት በጣም ይፈልጋሉና።

አንዳንድ አሳዎች ደግሞ በሥጋቸውና በሆድ ዕቃቸው ውስጥ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ሥራው ታያሚንን መሰባበር ነው። ጎልድፊሽ አለው። ፋትሄድ ሚኖ አለው። ካርፕ አለው፤ ያ ዝዋይና ቆቃ ላይ የሚጠመደው ካርፕ፣ የጎልድፊሽ የቅርብ ዘመድ። ከባሕር አሳ ሄሪንግ አለው። እባቡ አሳውን ሲውጥ ታያሚኑንም አጥፊውንም አብሮ ይውጣል። ለእናንተ ለገበሬ ልጆች በአጭሩ፦ ጎተራ ስትሞሉ ከእህሉ ጋር ነቀዙን አብራችሁ እንደማስገባት ነው። ጎተራው ሙሉ ይመስላል። ስትከፍቱት ዱቄት ነው።

ክፋቱ ነገሩ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። እባቡ አይከሳም፣ አይራብም። ከዚያ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ያዘነብላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ዒላማውን ይስታል፣ ሲገለብጡት ራሱን ማቃናት ያቅተዋል። ካልታከመ መንፈራገጥና ሞት ይከተላል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ይህ በሽታ በሳይንስ የታወቀው ራሷ ሚኒሶታ ውስጥ ነው! እ.ኤ.አ. በ1932 ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ግሌንኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ቻስቴክ የሚባል ሰው ለፀጉራቸው ቀበሮ ያረባ ነበር። ቀበሮዎቹ ቆመው መሄድ አቃታቸው፣ ሽባ ሆኑ፣ ሞቱ። ሲጣራ መኖአቸው ውስጥ ጥሬ ካርፕ ይገባ ነበር። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ግሪንና ባልደረቦቹ ተከታተሉት፤ ከመኖው አንድ አሥረኛ ያህሉ ጥሬ ካርፕ ከሆነ በሽታው እንደሚመጣ፣ አሳው ሲቀቀል ግን እንደማይመጣ፣ የታመሙትም ታያሚን ሲወጉ እንደሚድኑ አሳዩ። እስከ ዛሬ በሽታው በገበሬው ስም "የቻስቴክ ሽባነት" ይባላል። የኔ ተማሪ ሴንት ፖል ቁጭ ብሎ፣ ከዚያ ከብት እርባታ በመኪና ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ፣ ይኸው በሽታ ዞሮ ሳሎኑ ገባ። ይቅርታ፣ ቀበሮ እርባታ። የዳባት ሰው እርባታ ሲል ከብት ነው የሚመጣበት።

በተሳቢ እንስሳም ታይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍሎሪዳ ውስጥ ግሪፊን የሚባል ሐይቅ ላይ አሊጌተሮች በብዛት ሞቱ። ሲመረመሩ ታያሚን ጎድሏቸዋል፤ በብዛት የሚበሉትም ጊዛርድ ሻድ የሚባል ታያሚኔዝ ያለው አሳ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጫካ ውስጥ ያለ አውሬ እንኳ ምግቡ አንድ ዓይነት ሲሆንበት ይጎዳል። መስታወት ውስጥ ያለውማ… ሜዳ ላይ ያለ ጋርተር ዛሬ ትል፣ ነገ እንቁራሪት፣ ከነገ ወዲያ አሳ ይበላል፤ አንድ ቀን ሚኖ ቢውጥ ምንም አይሆንም። ሳጥን ውስጥ ያለው ግን ሄዶ ሌላ መፈለግ አይችልም። የሚበላው የተሰጠውን ነው። እኔ በበኩሌ እባብ ቤት ውስጥ ማሳደግ አልወድም፤ ይህን ለልጁም አልደበቅኩትም። ከገባ በኋላ ግን የምግቡ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የኛ ነው።

ለአባቱ መጀመሪያ ያልኩት ስለ አሳው አልነበረም። "ነገ ጠዋት ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰደው፤ ለአምስት ወር ምን እንደበላ ሳትደብቅ ንገረው" ነው ያልኩት። ምክንያቱም አንገት መጣመምና መንቀጥቀጥ ከሙቀት ብዛት፣ ከመርዝ ወይም ከሌላ በሽታም ይመጣል። እኔ ደባርቅ ተቀምጬ በድምፅ መልእክት እባብ አልመረምርም። የቫይታሚን ክኒን ፈጭታችሁ በግምት አትስጡ፤ መጠኑን በክብደቱ የሚያሰላው ሐኪሙ ነው።

ወሰደው። ሥራ አስፈቅዶ፣ እባቡን በትራስ ልብስ ጠቅልሎ፣ በበረዶ። ሐኪሟ ታያሚን ወጋችው፣ አሳውንም ወዲያው አስቆመችው። ሒሳቡን ሲከፍል "ቲቸር፣ በዚህ ብር ዳባት ገበያ ስንት በግ ይገዛ ነበር" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ቪዲዮ ላከልኝ፤ እባቡ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ምላሱን ያወጣል። ሁሉም እንዲህ አይድንም። ቆይቶ የመጣ፣ ነርቩ ክፉኛ የተጎዳ አይመለስም። ይኸኛው ተመለሰ፤ በቀኝ በኩል ትንሽ ዘንበል ማለቱ ግን ዛሬም አልለቀቀውም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ አሳ ምርጫ ቁጭ ብለን ያወራነው። ሦስታችን፣ በቪዲዮ። ልጁ ደብተር ይዞ!

የመጀመሪያው ጥያቄ ዓይነቱ ነው። ታያሚኔዝ የሌላቸው ተብለው የሚታወቁት እነማን ናቸው? ጉፒና ፕላቲ፤ እነዚህ ልጆቻቸውን ሕያው የሚወልዱ ትናንሽ አሳዎች ናቸው፣ ቤት ውስጥ በቀላሉ ይራባሉ። ትራውት፤ ለኛም እንግዳ አይደለም፣ የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከውጭ መጥቶ ተለምዷል። ሳልመን። ቲላፒያም አለ። እዚህ ጋ አባትየው አቋረጠኝ፦ "ቲላፒያ እኮ ሱፐርማርኬት ሞልቷል! ለመሆኑ በኛ ምንድን ነው?" ቆረሶ ነዋ! ጎርጎራ ሄዳችሁ፣ ወይ ጎንደር ምግብ ቤት ውስጥ ጠብሰው የሚያቀርቡላችሁ ቆረሶ። ልጁ ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ቆረሶ" ብሎ ጻፈና ሦስት ጊዜ ደገመው። "ቆ"ን አልቻላትም።

ግን የተቆራረጠ ሥጋ ብቻውን አይበቃም። አጥንትና ሆድ ዕቃ የሌለው የቲላፒያ ቁራጭ ካልሲየም የለውም። እባብ እንስሳውን ሙሉ ነው የሚውጠው፤ አጥንቱም ጉበቱም ምግቡ ነው። ስለዚህ ሙሉ ትንሽ አሳ ይሻላል። ቁራጭ ከሆነም አልፎ አልፎ፣ ጨው፣ ቅመምና ሎሚ ያልነካው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባትየው "የተቀመመው ይጣፍጠዋል መሰለኝ" ብሎኝ ስለነበር ነው።

አባትየው ደግሞ በጸደይ ከትልልቆቹ ሐይቆች የሚወጣ ስሜልት የሚባል ቀጭን ርካሽ አሳ እንዳለ፣ ጓደኛው በባልዲ እንደሚያመጣለት ነገረኝ። አይሆንም፤ ስሜልትም ታያሚኔዝ አለው። "ቲቸር፣ ርካሽ የሆነው ሁሉ አይሆንም ማለት ነው?" አለኝ። እንደዚያ ይመስላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚደባልቀውን ልንገራችሁ፤ ፍሪዘርና እሳት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። አሳውን ማቀዝቀዝ፣ ማለትም በረዶ አድርጎ ሳምንታት ማቆየት፣ በውስጡ ያለውን ትል ይገድላል። ኢንዛይሙን ግን አይነካውም። እንዲያውም በበረዶ ተቀምጦ እያለም ታያሚኔዙ ሥራውን ቀስ እያለ ይቀጥላል፤ አሳው በቆየ ቁጥር ታያሚኑ ይቀንሳል። እሳት ደግሞ ተቃራኒው ነው። 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ውሃ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ማፍላት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። ነገር ግን ሙቀት ታያሚኑንም ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ምንም ምርጫ ሲጠፋ የሚደረግ እንጂ የዘወትር መፍትሔ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያውኑ ኢንዛይሙ የሌለውን አሳ መርጦ፣ ለትሉ ሲባል አንድ ወር ያህል በረዶ አድርጎ፣ ሲሰጥ በለብታ ውሃ አቅልጦ መስጠት ነው።

ትሉስ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ጥያቄ ይኼ ነው፤ አሳው ከየት ተገኘ። ልጁ በበጋ ከወንዝ ራሱ ማጥመድ ፈልጎ ነበር። ከወንዝ የተያዘ አሳ ከእርሻ የወረደ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል፤ ትልማ በብዛት አለው። ዩስትሮንጊሊደስ የሚባል ቀይ ክብ ትል አለ፤ የሚያድገው አሳ በል ወፎች ውስጥ ነው፣ እጩ ሆኖ አሳ ውስጥ ይቀመጣል፣ አሳውን የዋጠ እባብ ሰውነት ውስጥም ገብቶ ይቦረቡራል። ይህ የአሜሪካ ችግር ብቻ አይደለም። ጣና ላይ ትናንሾቹን የባርበስ አሳዎች ሆዳቸውን ስትከፍቱ ጥብጣብ የመሰለ ነጭ ትል ታገኛላችሁ፤ ሊጉላ ይባላል፣ የአሳውን ሆድ ሞልቶት ይገኛል። ዓሣ አጥማጅ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ጣናን ካነሳሁ አይቀር ብርብራን ሳልናገር አላልፍም። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን አሳው ይደነዝዝና ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ የሴሎችን ትንፋሽ ነው የሚዘጋው። ክረምት ላይ የጣና ባርበሶች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ሽቅብ ሲወጡ፣ ልክ ያን ጊዜ ጠብቆ ብርብራ የሚበትን አለ። ከአሳዎቹ አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና ውጭ የሉም። እናትየዋን ከነእንቁላሏ መግደል ነው። ብዙ ሰው "ሆድ ዕቃውን ካወጡት ምንም አይል" ብሎ ይበላዋል። እኔ ግን እንዴት እንደሞተ የማላውቀውን አሳ ለእባብም፣ ለድመትም፣ ለሰውም አልሰጥም። ይህን ለልጁ ስነግረው "እዚያ ያሉት ሰዎች ለምን አይከለከሉም?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎንደር ዙሪያና ደምቢያ ያላችሁ መልሱለት።

የድመት ነገር ደግሞ እባብ ለማይመለከታችሁ ለብዙዎቻችሁ ነው። ጥሬ አሳ እያዘወተረች የምትበላ ድመትም በታያሚን ማጣት ትታመማለች፤ አንገቷ ወደ ደረቷ ይታጠፋል፣ ስትራመድ ትወላገዳለች። በካርፕ ቤተሰብ ውስጥ ያለ አሳ ሁሉ ታያሚኔዝ አለው ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ግን አላቸው፤ የጣና ባርበሶችም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ኢንዛይሙ ደግሞ በብዛት የሚገኘው እኛ ለድመት በምንወረውረው በሆድ ዕቃው ውስጥ ነው። ባሕር ዳርና ጎርጎራ ያላችሁ፣ የአሳ አንጀት ጣሉላት፣ ግን ቀቅላችሁ፤ ከእንጀራው፣ ከሥጋውም ቀላቅሉላት።

አምባዛን ለምን አላነሱም የሚል ይኖራል። ትንሽ አምባዛ ለእባብ አይሰጥም፤ በጎንና ጎኑ ያለው ክንፍ እንደ መርፌ የጠነከረ እሾህ አለው፣ ሲውጠው ጉሮሮውን ይወጋዋል። ውፍረትም ይታያል፤ አሳው ከእባቡ ወገብ የወፈረ አይሁን።

አሁን ወደ ትልቁ ጦርነት። ሐኪሟ "አሳው ተጨማሪ ይሁን፣ ዋናው ምግብ የአይጥ ግልገል ይሁን" አለች። በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ ሙሉ እንስሳ ስለሆነ አጥንቱም ቫይታሚኑም የተሟላ ነው። በሳይንስ ትክክል ናት። ግን የት ይቀመጥ? የተማሪዬ ሚስት ፍሪዘር ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተከተፈ ጎመንና ለፋሲካ የሚጠበቅ ዶሮ አለ። "ከበርበሬዬ አጠገብ አይጥ? ወይ እኔ ወይ እባቡ!" አለች። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ሳልፈራ ለባሏ ነገርኩት፤ የሰው ምግብና የአይጥ ሬሳ አንድ ፍሪዘር ውስጥ አይቀመጥም፣ ሳልሞኔላ ቀልድ አይደለም፣ እባቡን የነካ እጅም በሳሙና ይታጠባል። በመጨረሻ ትንሽ ያገለገለ ፍሪዘር ተገዝቶ ጋራዥ ገባ። እስኪገዛ ድረስ ግን ልጁ የራሱን መላ አቅርቦ ነበር፦ "ውጭ እናስቀምጠው፤ ውጭው ራሱ ፍሪዘር ነው።" ጥር ላይ ሚኒሶታ፣ እውነቱን ነው። አባቱ ግን የጎረቤት ድመት ታስቦ ከለከለ።

እዚህ ያላችሁ ወጣቶች፣ ይህን አንብባችሁ ከሰሜን ብሔራዊ ፓርክ ወይ ከዛሪማ ቆላ እባብ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ፓርኩ ውስጥ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ከዚያም በላይ የቆላው እባብ ጋርተር አይደለም፤ እፉኝት ነው፣ ሲነድፍ ደግሞ መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሊማሊሞን ማድነቅ የፈለገ መንገዱን ሄዶ ያድንቅ።

አሁን ልጁ ጉፒ በራሱ ያራባል። ሁለተኛ የመስታወት ሳጥን ገብቷል ማለት ነው፤ እናቱ ለዚህኛው አልተቃወመችም፣ አሳዎቹ ያምራሉ ትላለች፤ ለምን እንደሚራቡ ባታስብ ይሻላታል። ከሱቅ የመጡትን አዲስ አሳዎች ለብቻ ሳምንታት አቆይቶ፣ ሳይታመሙ ከቀሩ ነው ወደ ርቢው የሚጨምራቸው። የምግብ ሠንጠረዥም አለው፤ የአይጥ ግልገል፣ ጉፒ፣ አልፎ አልፎ "ኮረሶ"።

ትናንት ደግሞ አዲስ ጥያቄ ላከ፣ በራሱ ድምፅ፣ በአማርኛ፦ "ቲቸር፣ ትል መስጠት ይቻላል?" ይቻላል። ዝናብ ሲዘንብ ከመሬት የሚወጣው ትልቁ የምድር ትል ለጋርተር ጥሩ ምግብ ነው፤ ኬሚካል ካልተረጨበት መሬት ይሁን። ፍግና ኮምፖስት ውስጥ የሚራባውን ትንሹን ቀይ ትል ግን አትስጠው፤ ሲነካ መጥፎ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ይረጫል፣ ጋርተርን ይጎዳዋል። የጓደኛህ አያት ኮምፖስት አላቸው ብለኸኝ ነበር፤ ከዚያ አታምጣ።